የታሰርሁት ለሩጫ ነው

ባለፈው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ሰው ሁሉ «እርሳው በቃ፣ ሳያውቁ ነው» ይለኛል። እንዴት ብዬ ነው የምረሳው? ጣና ውስጥ ሊደፍቁኝ ነበርኮ!

ሁለቱም ዓይኔ አያይም። ግን እሮጣለሁ። ጓደኛዬ ሰዒድ፣ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ እጄን ከእጁ ጋር በአጭር ገመድ አስሮ ጠዋት ጠዋት በባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አብሮኝ ይሮጣል። ገመዷ ስትሳብ መታጠፊያ ነው፣ ስትላላ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ዓይኔ እሷ ናት።

ለክልሉ የሯጮች ምርጫ አራት ቀን ሲቀረን ነው። ፍጥነት ጨምረን ስንበር አንድ ሰውዬ «ያዙት! ጸበልተኛው አመለጠ!» ብሎ ጮኸ።

እኛ አገር በገመድ የታሰረ ሰው ካዩ፣ ሰይጣን ይዞት ጸበል የሚወስዱት ነው የሚመስላቸው። እኔ ደግሞ ሰዒድን ግማሽ እርምጃ ቀድሜዋለሁ። በቃ፣ አመለጠ ተባልሁ።

ስንት እንደሆኑ እንጃ፣ ተረባርበው ጣሉኝ። ቁርጭምጭሚቴ ተጠመዘዘ። ገመዷ ከእጄ ወለቀች። ሰዒድን ወዲያ ገፍተውት «ስፖርት ነው! ስፖርት ነው!» ይላል። ማን ሰምቶት!

ሰውዬው ደረቴ ላይ ተቀምጦ «ማን ነህ? ተናገር!» አለኝ።

«ደሳለኝ ነኝ!»

«እሱን አልጠየቅሁም! በላዩ ላይ ያለኸውን ነው!»

«በላዬ ላይ ያለኸውስ አንተ ነህ! ተነስልኝ!»

አፌ አያርፍ፣ በተሳደብሁ ቁጥር «ይኸው ለፈለፈ» እያሉ ባሰባቸው። «ወደ ውኃው!» አለ አንዱ። ጎተቱኝ። ውኃው ጫማዬ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ጉልበቴ ደረሰ። ዋና አልችልም። ያኔ ድምፄ ጠፋ።

«ዝም አለ፣ ሊለቀው ነው! ድፈቁት!»

«አብዳችኋል እንዴ?» አለች አንዲት ሴት። «ልጁ ሯጭ ነው! በየቀኑ በዚህ ሰባት ጊዜ ያልፋል፣ ዛሬ አንድ ይቀረዋል!»

ዳር ላይ ዓሣ የምትሸጥ ሴት ናት። አንድም ቀን አናግሬያት አላውቅም። ለካ ትቆጥርልኝ ኖሯል።

ለቀቁኝ። ሰውዬው «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ለነፍስህ ብዬ ነው» አለኝ። «ለነፍሴ! ልታወጣት አልነበር?» አልሁት። ሰዒድ ገመዷን ከጭቃ ፈልጎ መልሶ አሰረልኝ።

እግሬ አብጦ ምርጫው አለፈኝ። ይቅር አላልሁም፣ አልዋሽም።

አሁንም እዚያች ቦታ ስደርስ እግሬ ሳላዘው ይፈጥናል። ሰዒድ «እዚች ጋ ነው ፍጥነትህ የሚያምር» ይለኛል። ፍጥነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ሴትየዋ ዘንድሮ ጮክ ብላ ነው የምትቆጥረው። «አራት!» ስትል ስሰማ ነው የምተነፍሰው።