የሃርድ ዲስኩ ሰፊ አፍ

ቆቦ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና የጀመርኩ ዕለት ብሎን መፍቻ እንኳ አልነካሁም። አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ከሬዲዮ ጠጋኝነት ወደ ኮምፒውተር የተሻገሩ ሰው ናቸው። አንድ ካርቶን ሙሉ ገመድ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉና «ስማቸውን ቀስ ብለህ ትማራለህ፤ ዛሬ በጫፋቸው ለያቸው» አሉኝ።

ስለይ አረፈድኩ። አራት ማዕዘኑ የፕሪንተር ነው፤ ወፈር ያለው ትንሹ የካሜራና የድሮ ሃርድ ዲስክ፤ ስሱ የስልክ። በኋላ የመጡት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኮች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ ነበራቸው። አፋቸው ሰፊ ሆኖ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ለሁለት የተከፈለ ነው።

የእኛ አገር ገበሬ ገመድን የሚያየው እንደ ዶማ እጀታ ነው፤ አልገባ ካለው ጠርቦ ያስገባዋል። ስንቱን የተጠረበ ገመድ አየሁ! አንዳንዱ ያስቀኛል፣ አንዳንዱ ያናድደኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት አባባ ሰይድ የሚባሉ የዋጃ ገበሬ ከልጃቸው ከዘሃራ ጋር መጡ። የያዙት ባለ ሰፊ አፍ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የወንድሟ የሠርግ ቪዲዮ አለ። ሠርጉ ሲደረግ እሷ ዐረብ አገር ነበረች። እናቷ ከሠርጉ በኋላ ሞተዋል፤ ድምፃቸው ከዚያ ቪዲዮ በቀር የትም የለም። ገመዱ ጠፍቷል፤ ዘሃራ ደግሞ በማግስቱ ተመልሳ ልትሄድ ነው።

አባባ ሰይድ ከጎረቤት የካሜራ ገመድ ለምነው አምጥተዋል። አልገባ ሲላቸው ቢላ መዘው የሃርድ ዲስኩን አፍ ሊያሰፉ ጎንበስ አሉ። ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ተዉ! ይሄ ከተነካ አለቀ!»

«ኧረ አብሽር ልጄ፣ ትንሽ ብቻ ነው የምፍቀው።»

«ግድ የለም፣ ቢላውን ለእኔ ይስጡኝ።»

ሰጡኝ። ዘሃራ ሳቀች፤ እኔ ግን ደንግጬ ነበር።

ትክክለኛው ገመድ ሱቃችን ውስጥ አልነበረም። ጎብዬ ከተማ ያለ ሱቅ ደውዬ ጠየቅኩ፣ እዚያም የለም። ሆኖም የሰፊው አፍ ትልቁ ክፍል የስልክ ገመድ ይቀበላል፤ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። ከመደርደሪያው አንዱን አውርጄ ሰካሁት። የሃርድ ዲስኩ መብራት በራ፤ ኮምፒውተሩ ግን አላነበበውም።

«ያ አላህ!» ብለው አባባ ሰይድ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ያ ርካሽ ገመድ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ሌላ አያውቅም። ዘሃራን «ስልክሽ ሲገዛ አብሮት የመጣው ገመድ አለሽ?» አልኳት። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ስሰካው ሃርድ ዲስኩ ተከፈተ።

በሱቃችን ደንብ መጀመሪያ ፋይሉ ይገለበጣል። የዘሃራን ፊት ሳይ ግን ደንቡን ትቼ ቪዲዮውን ከፈትኩላት። ካሜራ ያዡ እናትየውን «ምን ይላሉ?» ሲላቸው ሙሽሮቹን መረቁና «ደስታዬን አላህ ሞላልኝ፤ ዘሃራዬ ብቻ ናት የቀረችብኝ» አሉ።

«መጣሁ እኮ እማ» አለች ዘሃራ። አባባ ሰይድ ወደ ደጅ ወጡ። እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ ቪዲዮውን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሰጠኋት።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ፦ መብራት ስለበራ ብቻ ገመዱ ደህና ነው አትበሉ፤ ካልበራም፣ ካላነበበም ሃርድ ዲስኩ ሞቷል ብላችሁ ሰው አታሰናብቱ። መጀመሪያ ሌላ ገመድ ሞክሩ።