ሞተሩን የሚገፋው ሞተረኛ

አክመል በሱሉልታ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በእናቱና በሞተሩ። እናቱ ሰብሪያ ከአስፋልቱ ዳር ገመድ፣ ጨውና የላስቲክ ጫማ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ሞተሩ የእሱ አልነበረም፤ ጎኑ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የመንግሥት ቀይ ሞተር ነው። ሲቀመጥበት ግን ከአያቱ የወረሰው ይመስል ነበር። ጀርባው ቀጥ፣ አገጩ ከፍ። ጋዝ የሚሰጠው ደግሞ ረምዚያ በምትሠራበት ዳቦ ቤት በር ሲያልፍ ነው።

ሥራው ደብዳቤ ማድረስ ነው። የመሬት ነገር የሚመለከተው አንድ ጽሕፈት ቤት ለገበሬዎች የሚጽፈውን በቦርሳ ይዞ፣ መኪና በማይገባበት የመስክ መንገድ እየገባ፣ ለባለቤቱ ሰጥቶ መዝገብ ላይ ያስፈርማል። የጽሕፈት ቤቱን ስም አልጠራም። በየሁለት ዓመቱ ስለሚለውጠው ብጠራውም የሚያውቀው የለም።

በኅዳር 2008 መጀመሪያ፣ በጠራራ ረፋድ፣ አክመል ወደቀ። አወዳደቁን በአደባባይ እንደሆነው የተናገረ ስላልነበረ እኔ ልናገረው። ገበያው አጠገብ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ተሠርቶ ነበር፤ ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ውስጡ ባዶ። አክመል በዚያ ሲያልፍ ራሱን በመስታወቱ አየ። ደስ አለው። ትንሽ ጨምሮ ሊያይ አንገቱን አዞረ፤ እዚያው ለኮብልስቶን ሥራ መጥቶ ሁለት ዓመት መንገድ ላይ የተኛ የድንጋይ ክምር ላይ ወጣ። ሞተሩ መብራቱ ብቻ ተሰበረ። የአክመል ቀኝ ትከሻ ተሰነጠቀ።

ያ ጊዜ ደግሞ ምንም ነገር ዝም ብሎ የማይወድቅበት ጊዜ ነበር። ማስተር ፕላን የሚባል፣ ገበሬው በዓይኑ ያላየው ካርታ አገሩን አንድዶታል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ “ሠራተኛችን ፀረ ሰላም ኃይሎች በደረደሩት ድንጋይ ጉዳት ደርሶበታል” ብሎ ጻፈ። የሰፈሩ ወጣቶች ደግሞ የወታደር መኪና ሆን ብሎ ገጨው አሉ። ሁለቱም ወገን ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ፤ ሁለቱም የየራሱን እንዲመሰክርለት ፈለገ። አክመል ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ በደንብ አላስታውስም ይላል። እውነቱን የነገረው ለእናቱ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ለደንበኞቿ ነገረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ትከሻው ዳነ። ሞተሩም አዲስ መብራት ተገጠመለት። የጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሞተሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፣ ቁልፉን አዞረ፣ እጁን ላብ ያዘው። ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ ያ ድንጋይ ጎማው ሥር ሲንሸራተት የሰማ መሰለው። ሁለት እግሮቹን መሬት ላይ እየጎተተ እስከ መስታወቱ ሕንፃ ደረሰ፣ ወረደ፣ ሞተሩን በእጁ እየገፋ ተመለሰ። ሊስትሮዎቹ ባጃጅ እንጥራልህ ወይ አሉት። አንዱማ ሞተሩን ታዝለዋለህ ወይስ እናዝልልህ ብሎ ጠየቀ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የአንድ ጎበዝ ውርደት ብቻ በሆነ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ግን ዘጠኝ ደብዳቤ አለ። ዘጠኙም ከከተማው በታች ላለው ሜዳ ገበሬዎች ነው፤ መስካችሁ ለስፖንጅ ፋብሪካ ስለሚፈለግ በአሥራ አምስት ቀን ልቀቁ ይላል። በጽሕፈት ቤቱ አሠራር ደግሞ አሥራ አምስቱ ቀን የሚቆጠረው ገበሬው መዝገቡ ላይ ከፈረመበት ዕለት ጀምሮ ነው። ካልፈረመ ቀኑ አይጀምርም። በዚያ ሰሞን የጽሕፈት ቤቱ መኪና ድንጋይ ፈርቶ ከግቢ አይወጣም። አክመልን ግን ማንም አይነካውም፤ የሰብሪያ ልጅ ነው። እንግዲህ የዘጠኝ መስክ ዕድሜ በአንድ ልጅ እጅ ላብ ላይ ቆመ።

ኃላፊው አቶ መኮንን በእግርህ ሂድ አሉት። አክመል የሥራ መደቤ “ሞተረኛ” ነው የሚለው አለ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ድንቅቱ ወረቀቱን አውጥታ ጮክ ብላ አነበበችው፤ እውነትም ሞተረኛ ይላል። አቶ መኮንን ከወረቀት ጋር አይጣሉም። ስለዚህ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቋሙ።

ኮሚቴው አክመልን አቁሞ ግለ ሂስ አስደረገው። ከዚያ የሞተረኛው ፍርሃት የክህሎት ነው፣ የግብዓት ነው ወይስ የአመለካከት በሚለው ላይ ሦስት ሰዓት ተከራከረ። አንዱ አባል ጓንት ቢገዛለትስ ቢል ችግሩን አቃለልከው ተብሎ እሱም ተገመገመ። በመጨረሻ ፍርሃቱ የአመለካከት ነው፣ ኪራይ ሰብሳቢነትም ይሸተዋል ተብሎ ተወሰነ። በዚያ ሳምንት በየከተማው የሰው ልጅ በጥይት እየወደቀ ነበር። የእኛዎቹ ሻይ አስመጥተው የአንድ ሞተረኛን እጅ ላብ ይመረምራሉ። ይህን ስጽፍ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ አክመል ቦርሳውን አንግቶ፣ ሞተሩን እየገፋ ወደ ሜዳው ወረደ። ቢያንስ ወጥቷል እንዲሉለት ነው። መንገድ ላይ ኦቦ ዋቆ በዳማ ፈረሳቸው መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በጉግስ ዘመናቸው ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ የሚወራላቸው ሰው ናቸው። ፈረሱን አቁመው ሞተሩን ከጎማ እስከ መሪ አዩት።

“አካም ጅርታ፣ የሰብሪያ ልጅ። ታሞብህ ነው?”

“እሱ ደህና ነው፣ ኦቦ። የታመምኩት እኔ ነኝ።”

አክመል መዋሸት አልቻለም። መውደቁንም፣ መፍራቱንም፣ ቦርሳው ውስጥ የእሳቸው ደብዳቤ መኖሩንም ነገራቸው። ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሆነ አልጠየቁም፤ ሜዳው ሁሉ ያውቃል። እጃቸውንም አልዘረጉም።

“ከብቱን እየጎተተ ከመጣ ሰው እጅ ደብዳቤ አልቀበልም” አሉ። “ተቀምጠህበት ና። የዚያን ቀን እፈርማለሁ። ቃሌ ነው።”

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ፈረሱን ኮልኩሎ ቤቱ ይገባል። መስኩን የሚያድን ነገር አግኝቷላ። ኦቦ ዋቆ ግን ከፈረሳቸው ወረዱ። ሰው ሲወድቅ ብዙ አይተዋል፤ ወድቆ ተመልሶ ሳይወጣበት የቀረ ሰው ማየት ግን አይሆንላቸውም። እዚያው ማስተማር ጀመሩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች ሲሰሙ መንሻቸውን ከድርቆሹ ክምር ላይ ነቅለው፣ ለራስህ ገመድ እየገመድክ ነው፣ ልጁን ተወው፣ እንደፈራ ይኑር አሏቸው። ኦቦ ዋቆ፣ ሲገፋ አላየሽውም፣ ብታይው አንቺም ታስተምሪው ነበር ብለው መለሱ።

ትምህርቱ የፈረስ ትምህርት ነው። ሦስት ቀን አትቀመጥበት፤ አጠገቡ ሂድ፣ ይልመድህ። ከዚያ ሳይነሳ ተቀመጥበት። ጉልበትህን ግጠም። ወደምትሄድበት እይ እንጂ ወደ ራስህ አትይ። ይህን ሲሉ ወይዘሮ ተረፈች ከክምሩ ማዶ ሳቁ፤ ጨው የሚገዙት ከሰብሪያ ሱቅ ነው።

በሳምንቱ ሌላ ትእዛዝ መጣ። ፈረስ ከጣለህ፣ የጣለህ ቦታ ድረስ ወስደህ እዚያው ታበላዋለህ፤ ያኔ ሁለታችሁም ቦታውን ትረሳላችሁ።

“ይሄ ምን ይበላል?” አሉ።

“ቤንዚን።”

“እዚያው አጠጣው።”

አክመል በውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን ሞልቶ፣ ሞተሩን እየገፋ፣ የመስታወቱ ሕንፃ ፊት ቆመ። በታኅሣሥ 2008፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቤንዚን በፕላስቲክ ይዞ! ክዳኑን ሳይከፍት አራት ፖሊስ ያዘው። ምን ልታቃጥል ነው አሉት። ላጠጣው ነው አለ። ማንን? ሞተሩን። ለምን ማደያ አታጠጣውም? የጣለኝ እዚህ ነዋ። መርማሪው ይህን ሲጽፍ ብዕሩ ሁለት ጊዜ ቆመ። የኅቡዕ ቋንቋ መስሏቸው “ማጠጣት” ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠየቁት። አቶ መኮንን መጥተው፣ ይሄ ልጅ ፀረ ሰላም አይደለም፣ የአመለካከት ችግር ያለበት የራሳችን ሠራተኛ ነው ብለው በቃለ ጉባኤ አስፈቱት። ቤንዚኑ ኤግዚቢት ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሚፈራው ምን ቀረው? በማግስቱ ሜዳው ላይ ቁልፉን ሲያዞር እጁ ደረቅ ነበር። ኦቦ ዋቆ በፈረስ ከጎኑ እየሄዱ “ሱታ፣ ሱታ” ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። የድርቆሹን ክምር ሁለት ጊዜ ዞረው። ፈረሱ እንኳ ጆሮውን ቀሰረ። ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁና፣ በል ነገ ደብዳቤውን ይዘህ ና፣ እፈርማለሁ አሉት።

አክመል ሊሄድ ሲል ወይዘሮ ተረፈች ከባህር ዛፉ ጥግ ጠበቁት። የዓመቱ ድርቆሽ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተከምሯል። መንገዱ በድንጋይ ከተዘጋ ወዲህ ግን አንድም አይሱዙ ሊጭን አልመጣም። ዛሬ ቢፈረም በአሥራ አምስተኛው ቀን የፋብሪካው አጥር ይመጣል፤ ክምሩ አጥሩ ውስጥ ይቀራል፤ ቤቱ ዓመቱን ምን እንደሚበላ የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉ በዝግታ ነገሩት።

“ቃሉን የሚበላ ሰው አግብቼ ቢሆን ዛሬ አልለምንህም ነበር” አሉ። “ድርቆሹ እስኪወጣ ፈሪ ሁንልኝ፣ ልጄ።”

አክመል ከወደቀ ጀምሮ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበር። በረምዚያ ዳቦ ቤት በር በሦስተኛ ማርሽ ማለፍ፣ ሌላ ምንም አልፈለገም። ያን ቀን ግን ከባህር ዛፉ እስከ አስፋልቱ ነድቶ፣ ከተማው ሳይታይ ወረደና ገፋ። በማግስቱም ገፋ። አሥራ ሰባት ቀን ገፋ። ጠዋት እየገፋ ይወጣል፣ ማንም በማያይበት ሌላ ሜዳ ላይ ይጋልባል፣ ማታ እየገፋ ይመለሳል። ኦቦ ዋቆ የት ጠፋህ ብለው ቢልኩበት፣ ዳገቱ ላይ የእጄ ላብ ተመለሰብኝ ብሎ ላከባቸው። ሊስትሮዎቹ አዲስ ቀልድ አልቆባቸው የድሮውን ይደግማሉ። ረምዚያ አልሳቀችም፤ አዘነችለት። ከቀልዱ ሁሉ የጎዳው ያ ነው። አንድ ቀን ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ አይዞህ ብላ ሰጠችው፤ ዳቦውን ሳይበላ እስከ ማታ ይዞት ዋለ።

በጥር ማስተር ፕላኑ ቆመ ተብሎ በራዲዮ ተነገረ። ወጣቱ አደባባይ ወጣ፤ አክመልም ሮጦ አቶ መኮንን ዘንድ ገባና ደብዳቤዎቹን ልመልስ ወይ አለ። ሰውየው በትዕግሥት አዩት።

“የቆመው ፕላኑ ነው” አሉ። “ፋይሉ አልቆመም።”

መንገዱ ግን ተከፍቷል። አይሱዙዎቹ ተሰልፈው ሜዳው ገቡ፤ ከዘጠኙም መስክ ድርቆሽ ወጣ። የኦቦ ዋቆ የመጨረሻው ጭነት ቅዳሜ ረፋድ ላይ አስፋልቱን ያዘ። ሹፌሩ በጽሕፈት ቤቱ በር ሲያልፍ፣ ተረፈች ሰላም ብላሃለች ብሎ ለአክመል ጮኸ።

አክመል ቦርሳውን አነገተ። ሞተሩን አስነሳ። ሊስትሮዎቹ ብሩሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ጀርባው ቀጥ፣ ጉልበቱ ግጥም፤ በዳቦ ቤቱ በር ሲያልፍ ጋዝ አልሰጠም፣ መስታወቱ ጋ ሲደርስም አንገቱን አላዞረም። ረምዚያ በሩ ላይ ወጥታ እስኪሰወር ድረስ አየችው።

ኦቦ ዋቆ ባዶ መስካቸው ላይ ቆመው ጠበቁት። ደብዳቤውን ሳይሆን አመጣጡን ነው ያዩት።

“ግራ ጉልበትህ አሁንም ይከፈታል” አሉና ብዕሩን ተቀበሉ።

ፈረሙ። ወይዘሮ ተረፈች ርጎ ሰጡት፤ ቆሞ ጠጣ። የቀሩትንም ስምንቱን በዚያው ቀን አስፈረመ።

ኮሚቴው ችግሩ በተካሄደው ግምገማ መፈታቱን ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ። አክመልን አዳራሽ ጠርተው የምስክር ወረቀት ሰጡት፤ አጨበጨቡለት። ኦቦ ዋቆ ከነፈረሳቸው ጫንጮ ማዶ ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። መስኩ በቆርቆሮ ታጠረ። ስፖንጅ የሚባል ነገር እስከ ዛሬ አልተሠራበትም፤ ሣሩ ከቆርቆሮው በላይ አድጎ፣ የሚያጭደው አጥቶ፣ ቆሞ ይደርቃል። የአገር ልማት ማለት ይሄ ከሆነ ሂዱና እዩት።

ዘጠኙ ደብዳቤ በተፈረመ በሰኞው አቶ መኮንን አክመልን ጠሩት። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አራት አዲስ ደብዳቤ ተደርድሯል፤ ለወንዝ ማዶ ገበሬዎች ነው። ገብሳቸው ገና አልተወቃም። አንበሳ ሆነሃል፣ በአንድ ቀን ትጨርሰዋለህ አሉት። አክመል ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ወደ ግቢው ወጣ፤ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ፤ ቁልፉን አዞረ፤ ብዙ ሳይቆይ አጠፋው። ተመልሶ ገባና መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገ።

“እጄን እንደገና ላብ ያዘው” አለ።

አቶ መኮንን ጭንቅላታቸውን ያዙ። ድንቅቱ ሳትጠየቅ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ አወጣች፤ አዲስ ገጽ ከፍታም የአምስት ሰው ስም መጻፍ ጀመረች። አክመል ሞተሩን እየገፋ ከግቢው ወጣ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ረምዚያ በሩ ላይ ነበረች። አየችው፣ ሞተሩንም አየችው፤ በዚህ ጊዜ ግን አላዘነችለትም። ወጥታ ሞተሩን ከኋላ ያዘችና እስከ ዳገቱ ድረስ አብራው ገፋች።