መሮ የነካው እንጨት

አያቴን አካኮ ነበር የምንላቸው። ጉደር ላይ ከዋንዛ ግንድ ገንፎ የሚቀርብበትን ቆሪ ሲፈለፍሉ ነው የኖሩት። ጎባጣው መሯቸው ግንዱን አንዴ ከነካ በኋላ ማንም እንጨት ብሎ እንዲጠራው አይፈቅዱም ነበር። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንድ ሰውዬ ቆሪ አንስቶ፣ «ይሄ እንጨት ስንት ነው?» አላቸው። ከእጁ ነጠቅ አድርገው፣ «እንጨት የሚሸጡት ወዲያ ማዶ ናቸው» አሉትና ፊታቸውን አዞሩ።

ሲያርፉ አንድ ቆሪ ግማሹ ተፈልፍሎ ቀርቶ ነበር። የእድር ሰዎች ለለቅሶው ወጥ ማብሰያ ሊፈልጡት መጥረቢያ አነሱ። ሄጄ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ተነሺ እንጂ ልጄ፣ እንጨት እኮ ነው!» አሉኝ።

«ቆሪ ነው» አልኩ። አልተነሳሁም።

አሁን እሳቸው ይሠሩበት በነበረው የደጃችን ጥግ ተቀምጬ፣ በዚያው መሮ ሆዱን እፈለፍላለሁ። ጥጉ በእኔ አይሞላም፤ አውቃለሁ። የቆሪው አንዱ ጎን ወፍሯል፣ አፉም ጠማማ ሆኗል። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ፣ «ይሄ እንጨት ምን ሊሆን ነው?» እያለ ይስቃል።

ይሳቅ። እንጨት የፈለገ ወዲያ ማዶ ይሂድ።