ያልዶለዶመው የቀኝ ስለት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የበረዶውን ሜዳ ገና በአንድ እግሬ እንደረገጥኩ በጀርባዬ ተዘረርኩ። እስከዚያች ጠዋት በረዶ የማውቀው በብርጭቆ ውስጥ ነበር። የዕቃ ክፍል ኃላፊው ዳግ አንስቶኝ፣ «ያንተ ሥራ ከጠረጴዛው ኋላ ነው፤ እዚህ ድጋሚ እንዳላይህ» አለኝ። ትእዛዙን ጡረታ እስክወጣ አክብሬአለሁ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የ2010ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁ ሰው፣ በየቀኑ ከምኖርበት ከስቶን ማውንቴን እየነዳሁ አትላንታ ዳር በሚጫወት አንድ አነስተኛ የበረዶ ሆኪ ቡድን የስኬት ሞራጅ ሆንኩ። «ሃያ ዓመት ብረት ሞርጃለሁ» ብዬ ነው የተቀጠርኩት። የሞረድኩት የሥጋ ቤት ቢላ መሆኑን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላስቸገርኳቸውም።

ስኬት ከሥሩ ብረት ያለው ጫማ ነው። ብረቱን በሚሽከረከረው ድንጋይ ላይ ሳሳልፈው መሐሉ ይቦረቦርና ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዝ ያወጣል። ጠርዙን በአውራ ጣቴ ጥፍር እሞክረዋለሁ፤ ጥፍሬን ከላጠ ደህና ነው። ከጨዋታ የተመለሰ ብረት ይዶለዱማል። የተከላካይ ደግሞ ይብሳል፤ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ድንገት እየቆመ ነው የሚጫወተው።

ግሌን የሚባል ተከላካይ ነበረን። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ የቡድኑ ሽማግሌ። «ጋሼ» ማለት አስተማርኩት። እሱ በፈንታው በረዶ ላይ መቆም ላስተምርህ ሲለኝ የዳግን ትእዛዝ ጠቀስኩለት።

በአንዱ የውድድር ዘመን አጋማሽ የግሌን የቀኝ ስኬት እንደተሳለ ይመለስ ጀመር። ግራው ዶልዱሞ፣ ቀኙ ጥፍሬን ይልጣል። ያልዶለዶመ ብረት ያልተረገጠ ብረት ነው።

«ጉልበትህ ነው?» አልኩት።

በሩን ዘጋ። «ጋሼ፣ ምንም አላየህም። ልጄ ግንቦት ላይ ሃይስኩል ትጨርሳለች። እስከዚያ እዚሁ ብሩክሄቨን ቤቴ እያደርኩ ልጫወት፤ ከዚያ ይበቃኛል።»

እሺ አልኩ።

ቡድኑ ግን መሸነፉን አላቆመም። ሪቢልድ እናደርጋለን ተባለ፤ ከመሠረቱ፣ በወጣቶች። ወደ እኛ ክፍል ወርዶ የማያውቀው ዋናው ማናጀር፣ ሚስተር ኮል፣ አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። በእጁ የሁለት አንጋፋ ተከላካዮች ስም ያለበት ወረቀት ይዟል።

«የእነዚህን ሰዎች ብረት ስትይዝ ዓመታት ሆነህ። ግሌን እንዴት ነው? እግሩ ላይ ያየኸው ነገር አለ?»

እኔ ባደግኩበት የሥራ ቤት አለቃ ስለ ባልደረባ ሲጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ እንጀራውን የሚያሳጣው ቃል ከአፋችን አይወጣም። ማሞገስ ላይ ደግሞ እኔ ቆጥቤ አላውቅም።

«ግሌን? ጎረምሳ ነው እንጂ! ብረቱን በአንድ ጨዋታ ይጨርሰዋል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የምሞርደው እኔ አይደለሁ?» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሚስተር ኮል ፈገግ ብሎ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገና ወጣ። እስከ ምሳ ድረስ እያፏጨሁ ሠራሁ።

ምሳ ላይ የተጫዋቾቹን ልብስ ለምታጥበው ለአልማዝ ጀብዱዬን አወራኋት። ሹካዋን አስቀመጠች።

«ጋሽ ተፈራ! ምን አደረጉ?»

«አዳንኩት።»

«ኧረ ሸጡት! ሪቢልድ የሚያደርግ ቡድን እኮ ጥሩውን ሽማግሌ ነው ለሌላ ቡድን ትሬድ የሚያደርገው፣ በምትኩ ወጣት እንዲያመጣለት። የደከመውን ማን ይወስደዋል? እርስዎ ገበያ አወጡለት!»

«ታዲያ ሄጄ ለኮል እውነቱን ልንገረው?»

«ይሂዱ እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?»

አልሄድኩም። ለግሌን ቃል ገብቻለሁ ብዬ ራሴን ደለልኩ። እውነቱ ግን ውሸታም ተብዬ ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን ግሌን ሰሜን ላለ ቡድን በሁለት ወጣቶች ተለወጠ። ስኬቱን ሊወስድ መጣ።

«ለኮል ምን አልከው፣ ጋሼ?»

«ጎረምሳ ነው አልኩት።»

ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። «በል ሞርድልኝ» አለ። ሁለቱንም ሞረድኩለት። ቀኙ መሞረድ አላስፈለገውም ነበር።

እዚያ በሄደ በአራተኛው ሳምንት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ልጁ ስትመረቅ እሱ እዚያው ሐኪም ቤት ነበር።

ሚስተር ኮል ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ወረደ።

«አይተህ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«ብትነግረኝ ማንም ስለማይወስደው እዚሁ ይቀመጥ ነበር። ኮንትራቱ እስከ ግንቦት ነው። ከልጁ ጋር ይሆን ነበር።»

አልጮኸብኝም፤ አላባረረኝምም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት አለቃ ስለ አንድ ተጫዋች ሲጠይቀኝ «ለምን ፈለጉት?» እላለሁ። መልሱን ከሰማሁ በኋላ ሁለቱን ስኬቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በጥፍሩ እንዲሞክራቸው እነግረዋለሁ። ሞራጅ ስለ ብረት ከተጠየቀ ያየውን ይናገር። እኔ አልተናገርኩም፤ የከፈለው ግሌን ነው።