ባለቤቱ ያልተጠራ ግጥም

ስምረት ከማለዳ ጀምሮ ምራቋ ደርቋል። ከሰዓት በኋላ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የማስተርስ ጥናቷን ታቀርባለች፤ ስለ ድሬዳዋ ሶማሌ ሴቶች ግጥም። ያስጨነቋት ግን ፈታኞቹ አልነበሩም። ከፊት ወንበር ከሚቀመጡት እንግዶች አንዷ ፋርሒያ ናት።

ግጥምን መጀመሪያ ያስወደዷት የአማርኛ መምህሯ ጋሽ ኃይለየሱስ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ስትል፣ እሳቸውን ግን የደፈረ አልነበረም። ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ «ግጥም በጆሮ ነው የሚጠጣው፤ ጠጪ!» ይሏት ነበር። ያ የተጠማ ጆሮ ነው በኋላ ታይዋን ገበያ፣ የጨርቅ ነጋዴዋ ፋርሒያ ደጃፍ ላይ ያቆማት። ፋርሒያ ሽቲ፣ ያን የሶማሌ ሴቶች ስስ ልብስ፣ እያጣጠፈች ታንጎራጉራለች፤ ስምረት ቆማ ትሰማለች። እዚያው ደጃፍ ላይ ሶማልኛ ለመደች፤ እዚያው ሕጉን ተማረች።

«የሰው ግጥም ስታነሺ መጀመሪያ ባለቤቱን ጥሪ» ትላት ነበር ፋርሒያ። «ካልጠራሽ ሌባ ነሽ። ወላሂ ሌባ!»

ሁሉንም ከነባለቤቱ አስተማረቻት፤ አንዱ ሲቀር። ስምረት ንግግሯን ልትከፍትበት የመረጠችው፣ እንደምንም ወደ አማርኛ የመለሰችው፣ ያንኑ ነው፦

ደመናው አለፈኝ በደጃፌ ሄዶ፣
ለሌላ ሊዘንብ የኔን መንደር ክዶ።

ትናንት ልትጠይቃት ሄደች።

«ኤዶ» አለቻት፣ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «ይቺ የደመናዋ የማን ናት?»

«የአንዲት ሴት» አለች ፋርሒያ፣ ጨርቁን በክንዷ እየለካች።

«አንዲት ሴት ስም የላትም?»

«አቦ ተይኝ! ደንበኛ ቆሟል።»

ከጎን ሱቅ ጎረቤቷ ናስቲሆ ሳቋን ለቀቀችው። «የኢዲል ናት በያት እንጂ! ስምረቴ፣ እሷና ኢዲል ሰርግ ላይ ግጥም ለማውጣት ‹እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም› ተባብለው ከተጣሉ ወዲህ ዛሬም ሰላምታ የላቸውም። ሁለት አውራ ዶሮ!»

ፋርሒያ ጨርቁን ሸረከተችው።

ይኸው ነው ስምረትን እንቅልፍ የነሳት። የኢዲልን ስም ብትጠራ፣ ይህን ዓለም የከፈተችላትን ሴት በሰው ፊት ታስቀይማለች። ባትጠራ፣ የዚያችኑ ሴት ትምህርት ትረግጣለች። ሌላ ግጥም ልምረጥ? አለች። ልቧ እንቢ አላት። ጋሽ ኃይለየሱስ ቢኖሩ ምን ይሏት ነበር? ሙት አይጠየቅ ነገር፤ ዓይኗ ብቻ እንባ አቀረረ።

አዳራሹ ይፋጃል። የጣሪያው ማራገቢያ ይንቋቋል እንጂ አያበርድም። ፋርሒያ ብርቱካንማ ሽቲዋን ለብሳ፣ ሂና የሞቀ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«ይህ ግጥም…» አለች ስምረት። ውኃ ተጎነጨች። «ይህ ግጥም የኢዲል ነው። ያስተማረችኝ ፋርሒያ ናት።»

ፋርሒያ ብድግ አለች። ሄደች፣ አለቀልኝ፣ አለች ስምረት በሆዷ።

«የቷ ኢዲል?» ፋርሒያ ጮኸች። «ድሬ ውስጥ ስንት ኢዲል አለች? ስም የሚጠራው ከነአባት ከነአያት ነው! ኢዲል ሊባን ዓብዲ በዪ!»

አዳራሹ ሳቀ። ፋርሒያ ግን አልሳቀችም።

«አልታረቅኳትም» አለች ሽቲዋን ሰብስባ እየተቀመጠች። «ግጥሙ ግን የእሷ ነው። በይ ቀጥዪ።»

«ኢዲል ሊባን ዓብዲ እንዲህ አለች…» ብላ ጀመረች ስምረት።