የተሰነጠቀ ቀለህ

ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ተኩስ ለመለማመድ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሄድነው በስደት ከምንኖርበት ከተማ አጠገብ፣ ኬንት ወዳለው መለማመጃ ነው። አፈሙዘ አጭሩ ትልቅ ሽጉጡ ክፉኛ ይራገጣል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ራሱ የሚሞላቸውን ጥይቶች ባሩድ ቀንሶ ሊሞክር ነበር። ስድስቱንም ተኩሶ ባዶዎቹን የነሐስ ቀለሆች መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ።

«እሺ፣ ባለ ጆሮዋ፣ ቼክ አድርጊልኝ» አለኝ፣ በሻከረ ድምፅ።

ስነቀንቃቸው አምስቱ እንደ ቃጭል ጮኹ፤ አንዱ ታፈነ።

ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ጂንካ የዱር አራዊት ጠባቂ ሳለ፣ ደጃፋችን ላይ ቀለሆቹን ጆሮዬ ሥር ይነቀንቃቸው ነበር።

«የተሰነጠቀ አይጮህም። ከእንግዲህ አይሞላም» አለኝ አንድ ቀን። እናቴ ከውስጥ በደከመ ድምፅ ጠራችው። እጁ ቆመ። «ሰውም መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፁ ነው» አለ።

ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አልገባኝም። እናቴ ያን ክረምት አልወጣችውም።

ኬንት ላይ ግን ገብቶኝ ነበር። «ድምፅህ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ጉንፋን ነው፤ አታካብጂ።»

የታፈነውን ቀለህ ለይቼ ሰጠሁት። ሐኪም ዘንድ የሄድነው ከአራት ወር በኋላ ነው። ካንሰሩ ከጉሮሮው አልፎ ነበር።

አሁን ጋራዣችን ውስጥ ተቀምጬ የተረፉትን ቀለሆች እነቀንቃለሁ። የሚጮኹትን ወደ ጣሳው እመልሳለሁ። የሚሞላቸው የለም።