ጀርባዬን ወደ ሰሌዳው ሳዞር

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንድ ቀን ሁለት መስመር፣ አንድ ቀን ምንም። ባሌ ከሞተ ብዙ ዓመት አለፈ፤ ሰቆጣ ከገባሁም ቆየሁ። ሰው ጊዜ ያስረሳል ይለኛል። እኔ ግን ባረጀሁ ቁጥር የማስታውሰው እየበዛ ሄደ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሁለታችንም አምደወርቅ እናስተምር ነበር። ሴት ልጃችንም እዚያ ተወለደች። ልጅ የሚይዝልኝ ዘመድ በአጠገቤ አልነበረም፤ የባሌ እናት የሚኖሩት ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ባለ የደሃና መንደር ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሚሠራ እኔ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት እንዲደርሰን ለመንን። ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንገናኛለን። እኔ የእጄን ጠመኔ በቀሚሴ ጠርጌ ልጄን እቀበላለሁ፤ እሱ ይገባል።

አንቀልባውን የሰፉልን እናቱ ናቸው፤ ዳር ዳሩ በዛጎል የተጌጠ ነበር። በዚያ አገር ወንድ ልጅ አዝሎ ሲሄድ አይታይም። በገበያ ቀን ልጅቷን አዝሎ ሽንኩርት ሲገዛ አንዷ ነጋዴ ከማዶ ሆና፣ "መምህር፣ አራስ ነህ እንዴ?" አለችው።

"አራስ ነኝ። ገንፎው የታለ?"

ገበያው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ "አራሱ መምህር" ተብሎ ቀረ። "አራሱ፣ ቅቤ አትገዛም?" ይሉታል በሄደበት። በጓሮ በኩል ብትሄድስ ስለው፣ "ልጅቷን አልሰረቅናት፤ ምን ያስደብቀናል?" አለኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለሥልጠና ወደ አበርገሌ፣ ኒሯቅ ወረደ። አበርገሌ ቆላ ነው። ትኩሳት ይዞ ተመለሰ፤ ወባ ነው አሉን። መድኃኒቱን ጀምሮ ነበር። ትምህርት ሳይከፈት ቀበርነው።

ጥቁር ለበስኩ፤ ፀጉሬን ተላጨሁ። አርባው እንደወጣ አማቴ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ "ልጄ፣ ሕፃኗን ስጪኝ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ።

"እማማ፣ አይሆንልኝም። ሥራዬንም እሠራለሁ፣ ልጄንም አሳድጋለሁ።"

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።"

እኔ ግን ልወጣ ነበር ሐሳቤ። የቀረኝ እሷና ሥራዬ ናቸው፤ አንዱን ከጣልኩ የምቆምበት የለኝም። ልጄን አዝዬ ክፍል ገባሁ።

የማስተምረው አንደኛ ክፍል ነው። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት ኽምጥኛ ነው፤ አማርኛውን ከእኔ ይማራሉ። እኔ ወደ ሰሌዳው ስዞር ልጄ ከእነሱ ጋር ፊት ለፊት ትገጥማለች። በመጀመሪያው ሳምንት ጀርባዬን ባዞርኩ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይሞላ ነበር። በኋላ ዘዴ አገኘሁለት። "እጅ" ብዬ ስጽፍ፣ ከኋላዬ እሷ እጇን ታወዛውዛለች፤ እነሱም "እጅ" ይላሉ በአንድ ድምፅ። "ጆሮ" ስል ጆሮዋን ትይዛለች። ያን ዓመት ልጆቹ አማርኛውን ከእኔ ይልቅ ከጀርባዬ ተማሩ።

አንድ ቀን እንግዶች ከወረዳ ሊመጡ ሆነ። ዳይሬክተሩ ወደ ጎን ጠራኝና፣ "ለዛሬ እንኳ ለዘበኛው ስጫት" አለኝ።

"ለዘበኛ ከሰጠኋት እኔም አብሬያት በር ላይ ነኝ።"

"ኧረ ግቢ" አለኝ፣ ሳቁን አፍኖ። ገባሁ፤ እንግዶቹም አዩን። ባሌ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

ብርዱ ሲገባ ልጅቷ ማሳል ጀመረች። የክፍሉ ወለል አፈር ነው፤ ከላይ የጠመኔው ብናኝ አለ። ሳሉ አላቆም ሲል ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ደረቷን ስታዳምጥ ቆይታ፣ "እትዬ፣ ከአቧራው አርቂያት" አለችኝ። የት ነው የማርቃት? ሥራውን ብተው የምንበላው የለም። ቤት ብቻዋን አትቀመጥም። ወደ አማቴ ላክሁ።

አህያ እየነዱ መጡ። ብዬሽ ነበር አላሉም። አንቀልባውን ስሰጣቸው፣ "ይሄ ካንቺ ጋር ይሁን፤ እኔ በነጠላዬ አዝላታለሁ" አሉኝ።

"ትምህርት ሲዘጋ እወስዳታለሁ፣ እማማ።"

"ያንቺው አይደለች እንዴ?"

መጀመሪያ ላይ በየገበያው ቀን ያመጡልኝ ነበር። ስንለያይ ታለቅሳለች፤ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ትሄዳለች። አንድ ቀን አማቴ፣ "ካየችሽ ወዲያ እህልም አትቀምስ፣ አትተኛም። እስክትረሳው ድረስ ባላመጣትስ?" አሉኝ። የምትረሳው ማንን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እሺ አልኳቸው።

ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ሳዞር ጸጥ ይላል። "እጅ" ብዬ ስጽፍ የራሴን እጅ ወደ ላይ ማንሣት ነበረብኝ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አንቀልባውን ይዤ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ሳሏ ለቋታል፤ ጉንጯ ሞልቷል፤ አፏን በኽምጥኛ ፈትታለች። እጄን ስዘረጋላት ከአማቴ ቀሚስ ኋላ ገባች። ትለምደኛለች ብዬ ሰነበትኩ። እንጨት ለቀምኩ፣ ገብስ ፈጨሁ። እሷ ከሩቅ ታየኛለች። አንቀልባውን ሳወጣ ትሮጣለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ደጅ ተቀምጠን ሳለ፣ ልጅቷ ወደ አማቴ ተጠግታ በኽምጥኛ የሆነ ነገር አለች። ከተማሪዎቼ የለቀምኩት ኽምጥኛ ለዚያች ያህል በቃኝ። "ሴትዮዋ ትሂድ" ነው ያለችው።

አማቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ውኃ ጠምቷት ነው" አሉኝ በአማርኛ።

እንዳልሰማሁ ሆንኩላቸው። ተነሥቼ በጣሳ ውኃ ቀድቼ ሰጠኋት። ልጅቷ ነገሩ አልገባትም፤ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። አልጠጣችውም።

በማግሥቱ አንቀልባውን ጠቅልዬ ብቻዬን ወረድኩ። ሲለማመዱ ይመጣል አልኩ ለራሴ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ አልኩ። ያደገችው እዚያው ነው።

በዚያው መስከረም አዲስ አንደኛ ክፍል ሰጡኝ። እነዚያ ልጆች ከኋላዬ ማን ትታዘል እንደነበር አያውቁም። ጠመኔዬን አንሥቼ ጀርባዬን አዞርኩና "እጅ" ብዬ ጻፍኩ።